የነጋዴዎች ማኅበር ደብዳቤ ላከልኝ፤ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ አነስተኛ የጽዳት ድርጅት አለኝ። ለሠራተኞቼ የጤና ኢንሹራንስ እገዛለሁ፤ ፕሪሚየሙ (የኢንሹራንሱ መደበኛ ክፍያ) ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል እንጂ ሲቀንስ አይቼ አላውቅም። አባል የሆንኩበት የነጋዴዎች ማኅበር ሰሞኑን ለኮንግረስ የሚገባ ደብዳቤ ልኮ ፈርም ይለኛል። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) በመድኃኒት ዋጋ መደራደሩን ያቁም ነው የሚለው። ለሜዲኬር ዋጋ ሲወርድ የመድኃኒት ኩባንያዎቹ የጎደላቸውን ከእኛ ይሰበስባሉ፣ አዲስ መድኃኒት መሥራትም ይቀራል ይላል። እውነት ነው? ነጋዴ ሆኜ ከማኅበሬ መለየቱም ከበደኝ። (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አልፈርምም። ምክንያቴን ልንገርዎት።

መጀመሪያ፣ በዚህ ጉዳይ ሻጩም ነጋዴ ነው፣ ገዢውም ነጋዴ ነው። እርስዎ ገዢ ነዎት። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሠሪ በኩል የሚገዛ የአንድ ቤተሰብ ኢንሹራንስ በአማካይ በዓመት 25,572 ዶላር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ሠራተኛው የከፈለው 6,296 ሲሆን ቀሪውን የቻለው አሠሪው ነው። የመድኃኒት ዋጋ ሲንር ከኪስዎ ነው የሚወጣው። በትልልቆቹ ማኅበራት ግን ሻጭና ገዢ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ትልቅ መዋጮ የሚያወጣው ነው።

የሆነውን ይመልከቱ። በ2003 የወጣው የሜዲኬር ሕግ መንግሥት በመድኃኒት ዋጋ ድርድር እጁን እንዳያስገባ ከልክሎ ነበር። ክልከላው የላላው በ2022 ነው፣ ያውም ለተወሰኑ መድኃኒቶች ብቻ። በዓመቱ የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት (ስሙ የመንግሥት ይመስላል እንጂ የግል ማኅበር ነው) ዴይተን፣ ኦሃዮ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉን ተቃውሞ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ሕጉን አላግድም አለ፤ በ2024 ደግሞ መዝገቡን ዘጋው። በሌላ በኩል ፐርቸዘር ቢዝነስ ግሩፕ ኦን ሄልዝ የሚባለው የትልልቅ አሠሪዎች ስብስብ የመድኃኒት ዋጋ ይውረድልን እያለ ኮንግረስን ሲወተውት ቆይቷል። እነዚህም ነጋዴዎች ናቸው። ስለዚህ አልፈርምም ቢሉ ከነጋዴ ተለዩ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። «ከእናንተ ይሰበስባሉ» የሚለውን ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም፤ ግን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ኩባንያው ከእርስዎ የበለጠ ማግኘት የሚችል ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ጠበቀ? ሜዲኬር እስኪደራደር ድረስ አዝኖልዎት ነው? የሚያስከፍለው ገበያው የቻለውን ያህል ነው፣ ድርድሩ ከመምጣቱ በፊትም እንደዚያው ነበር። ስጋት አለ ከተባለ እንኳ ስጋቱ የሚመጣው እርስዎ ያለ ከለላ በመቅረትዎ ነው። በ2022 ረቂቁ ላይ ዋጋውን ከዋጋ ግሽበት በላይ የሚጨምር ኩባንያ እንዲቀጣ፣ ቅጣቱም በአሠሪ ኢንሹራንስ ለሚሸጠው ጭምር እንዲሆን ተጽፎ ነበር። ሴኔቱ ሕጉን ለማሳለፍ የተጠቀመበት የበጀት ሥነ ሥርዓት ይህን አይፈቅድም ተባለና የአሠሪው ክፍል ወጣ፤ ለሜዲኬር ብቻ ቀረ። እና አሁን የሚያዋጣዎት የትኛው ነው? የሜዲኬርን ከለላ ማስነሳት ወይስ ለእርስዎም እንዲደርስ መጠየቅ? ማኅበርዎ ለአባላቱ ቢያስብ ኖሮ ሁለተኛውን ነበር የሚጽፈው።

አዲስ መድኃኒት ይቀራል የሚለው ክብደት አለው፤ ለታመመ ሰው አንድም መድኃኒት ብዙ ነው። ግን መጠኑ ይታወቅ። የኮንግረስ በጀት ቢሮ የገመተው በ30 ዓመት ውስጥ ይወጣሉ ከሚባሉ ወደ 1,300 ከሚጠጉ አዳዲስ መድኃኒቶች 13 ያህሉ ይቀራሉ ብሎ ነው።

ጥቅሙንም አላጋንን። ጃኑቪያ የሚባለው የስኳር መድኃኒት የ30 ቀኑ የተለጠፈ ዋጋ 527 ዶላር የነበረው በድርድሩ 113 ሆኗል፤ ከጥር 2026 ጀምሮ ይሠራል። ሜዲኬር ድሮም 527ቱን ሙሉ አይከፍልም ነበር፣ ፋብሪካው ከጀርባ የሚመልሰው ገንዘብ አለ። መንግሥት የመጀመሪያዎቹን 10 መድኃኒቶች በ2023 ወጪ ሲያሰላ የተጣራው ቁጠባ 22 በመቶ ነው። እሱም ቀላል አይደለም።

ይህ ሪቤት የሚባለው ተመላሽ የእርስዎም ጉዳይ ነው፤ ብዙ አሠሪ የማያየው እዚህ ጋ ነው። በኢንሹራንሱና በመድኃኒት ፋብሪካው መካከል ፒቢኤም የሚባሉ ደላሎች አሉ። ሦስቱ ትልልቆቹ ብቻ ከአገሪቱ የመድኃኒት ማዘዣ 80 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። ፋብሪካው ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይለጥፋል፣ መድኃኒቱ ዝርዝር ውስጥ ጥሩ ቦታ እንዲያገኝ ለፒቢኤሙ ይመልሳል። ዲዳክቲብሏን (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሷ የምትከፍለውን) ያልጨረሰች ሠራተኛዎ ግን ፋርማሲው መስኮት ላይ ስትቆም ሂሳቧ የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ በዚያ ከፍተኛ ዋጋ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንሱን የሸጠልዎትን ብሮከር ሁለት ነገር ይጠይቁት። ሪቤቱ የማን ኪስ ይገባል? አንተስ ከዚህ ውል ስንት ታገኛለህ? ሁለተኛውን እንዲመልስ በ2020 መጨረሻ የወጣ ሕግ ያስገድደዋል፤ ክፍያው 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ በጽሑፍ ሊያሳውቅዎት ይገባል።

ማኅበሩንም ይህ አቋም በማን ድምፅ ተወሰነ ብለው ይጠይቁ፤ መዋጮ ከፋይ ነዎት፣ መብትዎ ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንደሚባለው፣ ለተወካይዎ ቢሮ የራስዎን ደብዳቤ ይጻፉ። ስንት ሠራተኛ እንዳለዎት፣ ፕሪሚየሙ ከስንት ስንት እንደገባ፣ በዚህ ምክንያት ሳይቀጥሩ ወይም ደመወዝ ሳይጨምሩ ከቀሩ እሱንም ያስገቡበት። አንድ ገጽ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ኢንሱሊን 35 ዶላር ሆነ ሲባል ደስ ብሎን ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ግን ከዚያ በላይ ነው የምንከፍለው። ምንድነው ነገሩ? (እናት ነኝ)

መልስ፦ የፌዴራሉ የ35 ዶላር ጣሪያ ከ2023 ጀምሮ ለሜዲኬር ብቻ ነው። ለግል ኢንሹራንስም እንዲሆን ሴኔት ውስጥ ተሞክሮ 57 ለ43 ደገፉት፣ የሚያስፈልገው ግን 60 ስለነበር ወደቀ። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ጣሪያ አውጥተዋል፤ ሆኖም መሥሪያ ቤቱ የሠራተኞቹን የሕክምና ወጪ በኢንሹራንስ ኩባንያ ሳይሆን ራሱ የሚሸፍን ከሆነ፣ ኤሪሳ በሚባለው የ1974 የፌዴራል ሕግ ምክንያት የክፍለ ግዛቱ ሕግ አይደርስበትም። ባለቤትሽ የሰው ኃይል ክፍሉን «ኢንሹራንሳችን በራስ ወጪ የሚሸፈን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን ፋርማሲስቱን አነጋግሩ፦ አምራቾቹ ራሳቸው ለግል ኢንሹራንስ ተጠቃሚዎች በ35 ዶላር የሚሰጡበት ፕሮግራም አለ፣ ካልጠየቃችሁ ግን ላይነግሯችሁ ይችላሉ።