የጋለውን ኬብል ተወውና ቀዝቃዛውን መርምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ሰበታ ያለው ፋብሪካችሁ ከትራንስፎርመሩ እስከ ዋናው ቦርድ በየፌዙ (ለሦስቱም የኃይል መስመሮች ለእያንዳንዳቸው) ሁለት ሁለት ባለ 240 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኬብል ተዘርግቶለታል። አንዱ ፌዝ ላይ ግን አንደኛው ኬብል ይግላል፣ ጓደኛው ቀዝቃዛ ነው። «የጋለውን ልቀይረው ወይ?» ብለሃል።

ኧረ አትቸኩል! እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ቀዝቃዛው ላይ ነው። የጋለው የጓደኛውን ሸክም ደርቦ ተሸክሞ ነው።

ማሽኖቹ በሙሉ እየሠሩ ስድስቱንም ኬብሎች በክላምፕ ሜትር (ኬብሉን ከውጭ አቅፎ አምፔር በሚለካው መሣሪያ) ለየብቻ ለካ። ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ ኃይሉን የሚቆርጠው) የሚያየው ድምሩን ነው። 420 አምፔርን 210 በ210 መካፈል ሲገባቸው አንዱ 310፣ ሌላው 110 ቢወስድ ብሬከሩ ምንም አያውቅም። ሙቀት ግን የሚጨምረው በአምፔሩ ካሬ ስለሆነ የጋለው ላይ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

30 ሜትር የሚሆን ባለ 240 የመዳብ ኬብል ሬዚስታንሱ (ከረንትን የሚገታበት መጠን) 2 ሚሊኦም ገደማ ብቻ ነው። በደንብ ያልተጨመቀ ላግ (ኬብሉ ጫፍ ላይ ተጨምቆ በብሎን የሚታሰረው ማያያዣ) ይህንኑ ያህል ቢጨምር፣ በሬዚስታንስ በኩል ኬብሉ በእጥፍ የረዘመ ያህል ነው። ከረንቱም ወደ ጓደኛው ያደላል።

ገላን አንድ ዱቄት ፋብሪካ ያየሁት ይኸው ነው። የቀዝቃዛው ኬብል ብሎን ጥብቅ ነበር። ላጉ ላይ የተጠመጠመውን ቴፕ ስናነሳ ግን ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ላጉን ይዘን ስናንቀሳቅሰው ሽቦው ላይ ተነቀነቀ። ስለዚህ ብሎን በማጥበቅ ብቻ አትመን። ላጉን ቆርጠህ በትክክለኛው ዳይ (ለኬብሉ መጠን በሚሆነው የመጭመቂያ ቅርጽ) አዲስ ጨምቅ።

አደራህን፣ አንዱን ጫፍ ፈትቼዋለሁ ብለህ ኬብሉን እንዳትነካ። በሌላኛው ጫፍ ከጓደኛው ጋር ስለተገናኘ ኃይል አለው። ከትራንስፎርመሩ በኩል አስጠፋ፣ ቆልፍ፣ ከዚያ በቴስተር አረጋግጥ።

ላጎቹ ደህና ከሆኑ የሁለቱ ኬብሎች ርዝመት እኩል መሆኑን አስተያይ። ቀጥሎ አደራደራቸውን እይ። ነጠላ (በውስጣቸው አንድ ሽቦ ብቻ ያላቸው) ኬብሎች ከሆኑ የአንድ ፌዝ ሁለቱ ኬብሎች ጎን ለጎን ታስረው መሄድ የለባቸውም። በየጥቅሉ ሦስቱም ፌዝ አንድ አንድ፣ ከኒውትራሉ ጋር፣ አብረው ይሂዱ። ቦርዱ ሲገቡም እያንዳንዱ በራሱ የብረት ቀዳዳ ካለፈ ላሜራው ራሱ ይግላል።

እስከዚያው ጭነቱን ቀንሱ፤ ፒቪሲ ልባስ በዘላቂነት የሚችለው 70 ዲግሪ ነው። የስድስቱንም ንባብ እዚሁ ጻፍልን፣ አብረን እናየዋለን።