ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት መሥሪያ ቤት ሊብሬኦፊስን በአማርኛ ማዳረስ

እህቴ፣ የዞን መምሪያችሁንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶቹን ኮምፒዩተሮች በሙሉ ወደ አማርኛ ሊብሬኦፊስ (እንደ ወርድ ደብዳቤ የሚጻፍበት ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር) ለማዞር አስበሽ፣ ኢንተርኔቱ ስለማያስተማምን ከየት እንደምትጀምሪ ጠይቀሻል። እኔም በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጫኑ ቀላሉ ነው። የዊንዶውሱ መጫኛ አንድ ፋይል ነው፤ አማርኛውም እዚያው ውስጥ አለ። መስመሩ ደህና በሆነበት ቦታ አንዴ በቶረንት (ፋይልን በቁርጥራጭ በሚያወርድ መንገድ) አውርጂው፤ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) ሳታመሳክሪ ግን ለማንም እንዳትሰጪ። ዞን ላይ ዶሜይን (ኮምፒዩተሮቹን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ኔትወርክ) ካላችሁ፣ በእሱ ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው መቆጣጠሪያ ለሁሉም በትኚው። ለወረዳዎቹ በሰው እጅ መላክ ግድ ነው። የሚዞረው ፍላሽ ምንም እንዳይጻፍበት የሚከለክል መቆለፊያ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ አለዚያ ቫይረስ ለቅሞ ይመለሳል።

ዊንዶውሱ እንግሊዝኛ ከሆነ ዝም ብለሽ «ኔክስት» እያልሽ ካለፍሽ አማርኛው አይጫንም። «ከስተም» ውስጥ ገብተሽ ምረጪው። እንግሊዝኛውም አብሮ ይኑር። ዓመታት በእንግሊዝኛ ሜኑ የሠራች ጸሐፊ በአንድ ጠዋት ሁሉ ነገር ሲቀየርባት ሥራው ይቆማል፤ ለአዳዲሶቹ ግን አማርኛው በጣም ያግዛል።

ዋናው ራስ ምታት ፎንት ነው። ብዙ ደብዳቤ የተጻፈው ኒያላ በሚባለው የአማርኛ ፎንት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ኒያላ አብሮ አይመጣም፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ ተጨማሪ ነው። ከሌለ ኮምፒዩተሩ በሌላ ፎንት ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ይለያያል፣ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ሁለት ይሆናል፣ የኃላፊው ስምና ፊርማ ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ይወርዳል። ያኔ ሰው ሁሉ «ይሄ ሶፍትዌር አይሠራም» ይላል። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም። ስለዚህ አቢሲኒካን የመሰለ ነፃ ፎንት ከመጫኛው ጋር አብረሽ በሁሉም ላይ ጫኚ፣ የደብዳቤ ቅጾቹንም በእሱ አዘጋጂ።

ፓወር ግዕዝ በሚባለው የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፉ የድሮ ሰነዶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አመዘጋገብ) ስላልሆኑ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይከፈታሉ። ለማንበብ ያህል የድሮው ፎንት ይቆይ። ወደ ዩኒኮድ የምትቀይሪው አሁንም ሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ይሁን፤ ሁሉንም ልቀይር ካልሽ አያልቅም።

አማርኛ ለመጻፊያ፣ ኪማን የሚባለው ፕሮግራም የአማርኛ ኪቦርድ አስቀድሞ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ክልል ቢሮው በወርድ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሊብሬኦፊሱ ሰነዶችን በወርድ ፎርማት እንዲያስቀምጥ ከመጀመሪያው አስተካክዪው።

ከመበተንሽ በፊት ግን አንድ ወረዳ ሂጂ። ጸሐፊዋ የእለቱን እውነተኛ ደብዳቤ በአዲሱ ትጻፈው፣ በራሳቸው ፕሪንተር ይታተም፣ መዝገብ ቤቱም ይየው።