ኢንቨርተሩን ከሳጥኑ አውጪው

ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ችግርሽን ባጭሩ ልድገመው። ባለ 3 ኪሎዋት፣ 24 ቮልት የሶላር ኢንቨርተር አለሽ፤ የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማሽን ማለት ነው። ሱቅሽ ውስጥ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና መብራት ያንቀሳቅሳል። ልጆች እንዳይነኩትና አቧራ እንዳይገባበት ባለቤትሽ የእንጨት ሳጥን ሠርቶለት ከቆርቆሮው ሥር ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ከመጋቢት ወዲህ ግን ቀን 7 ሰዓት ገደማ ጢጥ ጢጥ እያለ ቀጥ ይላል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ራሱ ይነሳል። ማታ ግን ምንም አይልም። ትልቅ ፋን ልግዛለት ወይስ የኢንቨርተሩን ክዳን ፈትቼ ልተወው ነው ጥያቄሽ።

ሁለቱንም አታድርጊ። በተለይ ክዳኑን እንዳትነኪው። ከፓኔሉ የሚገባው ኤሌክትሪክ (ዲሲ የሚባለው) ፀሐይ እስካለች ድረስ አይጠፋም፣ ብታጠፊውም እንኳ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ ለደቂቃዎች ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ሰው ይገድላል።

ማሽንሽ አልተበላሸም። ሲግል ራሱን ለማዳን ነው የሚዘጋው፤ ሲበርድ ይነሳል። ታዲያ ማታ፣ ቴሌቪዥኑም መብራቱም በርቶ ደህና የሚሠራው ለምንድን ነው? ቀን 7 ሰዓት ላይ ፍሪጁን ብቻ አይደለም የሚሸከመው። ባትሪውንም የሚሞላው እሱ ነው። ፓኔሉ ጥሩ ፀሐይ አግኝቶ 60 አምፔር ወደ ባትሪው ሲገፋ፣ በ27 ቮልት 1,600 ዋት ገደማ በዚያች ማሽን ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ትንሹ እጅ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ወደ 100 ዋት ብለሽ ያዢው። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል አብርተሽ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ብትዘጊበት ምን እንደሚሆን አስቢው። ላዩ ላይ ደግሞ የጋለ ቆርቆሮ አለ።

ለዚህ ነው ፋን ዋጋ የሌለው። ፋን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ያዞረዋል፣ አንቺም ብርሽን አወጣሽ ማለት ነው። መጀመሪያ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ይኑረው።

ስለዚህ ከሳጥኑ አውጪው። የባለቤትሽ ሐሳብ ክፉ አልነበረም፤ ልጅ ካለ መከለሉ ግድ ነው። ግን ክልሉ ከወንፊት ሽቦ ይሠራ፣ አየር የሚያሳልፍ፣ የልጅ ጣት የማያስገባ። ብዙዎቹ ማኑዋሎች ከጎንና ከጎኑ 20 ሳንቲሜትር፣ ከላይና ከታች 50 ሳንቲሜትር ክፍት ይሁን ይላሉ። ቀጥ ብሎ ይሰቀል፣ በጎኑ አይተኛ። ከፍታውም ስክሪኑ በዓይንሽ ትይዩ ቢሆን ይበቃል፣ ወደ ቆርቆሮው በቀረበ ቁጥር የቤቱ ትኩስ አየር ሁሉ የሚጠራቀመው እሱ አናት ላይ ነው። የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ አትምረጪ። ብሎኬት ከሆነ ጥሩ፤ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ግን ከጀርባው ወፍራም ላሜራ ወይም የሲሚንቶ ሰሌዳ ይደረግለት፣ እሳት እንዳያገኘው።

ባትሪው አሲድ ያለው ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ከሥሩ አይቀመጥ። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ብረቱን ይበላል፣ ተጠራቅሞ ብልጭታ ካገኘም ይፈነዳል። ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጊው።

ክፍሉም መተንፈስ አለበት። ሱቁ ጠባብ ከሆነ ከታች አንድ ቀዳዳ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ከላይ አንድ ቀዳዳ ይከፈት፣ ሁለቱም ላይ ወንፊት ይመታበት። ብርድ አየር በታች ይገባል፣ ትኩሱ በላይ ይወጣል። ይህን ካደረግሽ በኋላ ፋን ብትጨምሪ ያኔ ይሠራል፤ ላይኛው ቀዳዳ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋ ይሁን። የራሱ የኢንቨርተሩ ፋን በየት እንደሚስብ ለማወቅ ሶፍት ቀደሽ ቀዳዳዎቹ ላይ ያዢ። የሚስበው ሶፍቱን ወደ ራሱ ይለጥፈዋል፣ የሚያወጣው ያራግበዋል። ሁለቱ ፋኖች እንዳይገፋፉ ይህን ማወቅ አለብሽ።

አሁን ወደ አቧራው። በደረቁ ወራት፣ መንገድ ዳር ላለ ሱቅ፣ በየወሩ ይጸዳ ብል አላጋነንኩም። ወጥ ቤት አጠገብ ከሆነማ ጭሱና ዘይቱ አቧራውን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል፣ በእፍታ አይለቅም። ስታጸጂ መጀመሪያ ዕቃዎቹን አጥፊ፣ ቀጥሎ ኢንቨርተሩን፣ ከዚያ የፓኔሉን ብሬከር፣ መጨረሻ ላይ ባትሪውን ለያይ። 10 ደቂቃ ጠብቂ። ክዳኑ ሳይፈታ በደረቅ የቀለም ብሩሽ ቀዳዳዎቹን ጥረጊ። የአቧራ ማጣሪያ ካለው አውጥተሽ እጠቢው፣ ግን ድርቅ ሳይል እንዳትመልሺው። እርጥብ ጨርቅ የሚባል ነገር አጠገቡ አይምጣ።

እዚያው እያለሽ የባትሪውን ገመዶች እይልኝ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። በ24 ቮልት ሲስተም 2,400 ዋት ስትጠቀሚ 100 አምፔር ነው በዚያ ገመድ የሚያልፈው። ብሎኑ ትንሽ ከላላ እዚያው ይግላል፣ ሙቀቱም በገመዱ ወደ ኢንቨርተሩ ይገባል። የገመዱ ጫፍ ጠቁሯል? ፕላስቲኩ ለስልሶ ወደ ኋላ ሸሽቷል? እንዲህ ካየሽ ገመዱ ይቀየር፣ ማጥበቅ ብቻ አይበቃውም። ደህና ከሆነ በቁልፍ ይጥበቅ፣ ነገር ግን የቁልፉ እጀታ በናስትሮ ይጠቅለል። ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ባንድ ጊዜ ከነካ የሚወጣው እሳት ዓይን ያጠፋል። እጅሽ ካልደፈረ ባለሙያ ጥሪ፣ ነውር የለውም።

ደብረ ማርቆስና ከዚያ በላይ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ አገራችን ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያው ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የ3 ኪሎዋቱን ማሽን እስከ ጥጉ አታስጨንቁት፤ ምጣድ የሚባለውንማ ጨርሶ አትሰኩበት።

ሙቀት ዛሬ ባይዘጋውም ዕድሜውን ይበላዋል። ካፓሲተሮቹ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

እህቴ፣ ሳጥኑ እስኪፈርስ ድረስ ለጊዜው አንድ ነገር ማድረግ ትችያለሽ። በሴቲንጉ ውስጥ ከፍተኛውን የባትሪ መሙያ አምፔር ከ60 ወደ 40 አውርጂው። ባትሪው ትንሽ ዘግይቶ ይሞላል እንጂ ማሽኑ እፎይ ይላል። አውጥተሽ ከሰቀልሽው በኋላ መልሺው። ያኔም ቀን ላይ ከዘጋ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የስህተት ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ፋኑ እየዞረ እንደነበረም ጻፊልኝ።