መልስ፦ አንድ ፓች ሁለት ብራንች ላይ ሲገኝ

አብሽር ወንድሜ። አንተ ከደሴ፣ ጓደኛህ ከኮምቦልቻ የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው ጊት ላይ ያንኑ የከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ፓች፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያ፣ በየብራንቻችሁ (በየኮድ ቅርንጫፋችሁ) አስገብታችሁ ሃሹ (የኮሚቱ መለያ ኮድ) ለምን ተለያየ ብለሃል። ሃሹ ከለውጡ ብቻ አይሰላም፤ ወላጅ ኮሚቱና (ከሱ በፊት የተመዘገበው ለውጥ) ሰዓቱም ይገቡበታል። ለውጡ አንድ መሆኑን በ‹ጊት ፓች-አይዲ› ትእዛዝ አረጋግጥ። ‹ጊት ቼሪ› ደግሞ ከኮሚቶችህ ውስጥ እዚያኛው ብራንች ላይም ያለውን በመቀነስ ምልክት ያሳይሃል።

ብራንቾቹን መርጅ ስታደርጉ (ስታዋህዱ) አብዛኛውን ጊዜ ያለችግር ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው ከሁለት አንዳችሁ ያንኑ መስመር እንደገና ከነካችሁት ነው። ያኔ ግጭት ይፈጠራል።

ድግግሞሹን ላጥፋ ብለህ ግን ሰው የወሰደውን ብራንች ሪቤዝ እንዳታደርግ (ኮሚቶቹን በሌላ መነሻ ላይ እንደ አዲስ እንዳትደረድር)፣ አደራ! በላዩ የሠራ ሰው ሁሉ ይቸገራል። ሌላ ጊዜ ፓቹን ሁለታችሁም ከምትጋሩት የቆየ ኮሚት ላይ በተነሳ ትንሽ ብራንች አስቀምጡትና ሁለታችሁም እሱን መርጅ አድርጉ። ሃሹም አንድ ይሆናል።