መልስ፦ በሚኒሶታ የትምህርት ቤት ምሳ ነፃ ከሆነ የገቢ ቅጹን ለምን እንሞላለን?

ሰላም እህቴ። ልክ ነሽ፣ ከ2023-24 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ነፃ ነው። ግን የሚሸፈነው በቀን አንድ ቁርስና አንድ ምሳ ብቻ ነው። ልጁ ከቤት ምሳ ይዞ ወተት ብቻ ቢወስድ ወይም ምሳ ቢደግም ያስከፍላል። ወላጅ "ነፃ አይደለም እንዴ?" ብሎ የሚቆጣው እዚህ ላይ ነው።

ቅጹን ግን ሙዪው። ለበጋ ዕረፍት (ሰመር) ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምሳውም ይቀራል፤ ችግር ያለበት ቤት በጣም የሚጨነቀው ያኔ ነው። ለዚያ ጊዜ በአንድ ልጅ 120 ዶላር የሚሰጠው ሰመር ኢቢቲ (የምግብ መግዣ ካርድ)፣ ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) ላላቸው በራሱ ይመጣል፤ ፉድ ስታምፕ የሌለው ቤተሰብ ብቁ መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ቅጽ ነው። ገንዘቡ ከገባ በ122 ቀን ውስጥ ካልወጣ ይመለሳል።

አሞላሉ ላይ፦ የምትጽፊው ታክስ ሳይቆረጥ ያለውን ደመወዝ ነው። ለአገር ቤት የምትልኪው ብር አይቀነስም (ያሳዝናል፣ ግን አይቀነስም)። ሕፃኑንም ጨምረሽ የቤተሰቡን ቁጥር ጻፊ። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈላችሁ ከሆነ "በወር ሁለቴ" የሚለውን አትምረጪ፤ የመጀመሪያው በዓመት 26 ክፍያ፣ ሁለተኛው 24 ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው አዋቂ "የለኝም" የሚለው ላይ ምልክት ያድርግ፤ በዚህ ምክንያት ቅጹ አይጣልም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያልፈው የሚኒሶታ የልጆች ታክስ ክሬዲት (ታክስ ሲሞላ ለልጆች የሚሰጥ ገንዘብ) ነው። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ በአንድ ልጅ እስከ 1,750 ዶላር ይደርሳል። ሥራ ባይኖራችሁም ታክስ ፋይል ካላደረጋችሁ አይመጣም። በአይቲን (ITIN፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ለሌለው ሰው የሚሰጥ የታክስ ቁጥር) ለሚሞላም ይሠራል።