ለአዲስ ጸሐፊዎች፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ደሴ ላይ በየሳምንቱ ቡና አፍልተን ግጥምና አጭር ልብወለድ የምናነብበት ክበባችን አዳዲስ ልጆች መጥተውለታል። እንኳን ደህና መጣችሁ! የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ መልሻለሁ፤ የቀረውን ቡናው ላይ እንጨርሰዋለን።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ስመጣ ምን ልያዝ?
መልስ፦ አጭር ነገር። ጥቂት መንቶ (ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም) ወይም አንድ ገጽ፣ ከነፎቶ ኮፒው። ሙሉ ልብወለድ ተሸክሞ የሚመጣ አለ፤ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማዋል?

ጥያቄ፦ ግጥሜ ቤት ይመታል፣ ሳነበው ግን ይንገዳገዳል። ምን ሆኖ ነው?
መልስ፦ ምጣኔውን ቁጠሪ፤ ስንኙን በሁለት ሐረግ ክፈይና በየሐረጉ ስንት ቀለም (በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ ድምፅ) እንዳለ እዪ። ያመጣሽው እንዲህ ይላል፦
የጦሳ ተራራ ሁልጊዜ ጭጋግ ለብሶ ያያል፣
እናቴን በንጋት ገበያ ይሸኛል።
ሁለተኛው ስንኝ የወል ቤት ነው፤ «እናቴን በንጋት» ስድስት ቀለም፣ «ገበያ ይሸኛል» ስድስት ቀለም። (ድምፁ የተዋጠ ሳድስ አይቆጠርም፤ በፊደል ከቆጠርሽ ይምታታብሻል።) የመጀመሪያው ላይ ግን «ሁልጊዜ» ገብቶ ሁለተኛውን ሐረግ ዘጠኝ አድርሶታል። አውጪው፦ «የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ያያል»። ምን ጎደለ? ጦሳ ሥር ያደገ ሰው ጭጋጉን መች አጣው! «ያያል» ግን አሁንም አላጠገበኝም፤ ለቤት ሲባል የተጠራ ይመስላል። ሰንጎ መገን የሚባለው ምጣኔ ካማረሽ ደግሞ አምስት አምስት ነው፤ ብቻ አንዱን ጀምረሽ ያለ ምክንያት ወደ ሌላው አትዝለይ።

ጥያቄ፦ ወሎ የዘፈን እንጂ የጽሑፍ አገር አይደለም ይሉናል።
መልስ፦ የሚሉትን ሐይቅ ውሰዷቸው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደቀ መዛሙርት ሰብስበው አስተምረዋል፣ መጻሕፍትም አስጽፈዋል። የመንዙማ (የእስልምና መንፈሳዊ ዜማ) ሊቃውንቱም አማርኛውን በዓረብ ፊደል፣ በአጀም፣ ጽፈው አቆይተውልናል። መንዙማ እየሰማችሁ ያደጋችሁ ልጆች ግጥም አላውቅም አትበሉኝ። አዝማች የት ላይ እንደሚያሞቅ፣ የት ላይ እንደሚሰለች ጆሯችሁ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ስለ ወሎ ቆንጆ ልጻፍ?
መልስ፦ ተወው ወንድሜ። አምባሰልና ባቲ ለቅኝት ስማቸውን የሰጡ አገሮች ናቸው፤ በሁለቱ ስንት ዓይን፣ ስንት ጥርስ ተዘፈነ! ይልቅ ሰኞ ባቲ ገበያ ውረድ። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ግመል ዋጋ ሲከራከሩ፣ ደላላው በየትኛው ቋንቋ እንደሚምል ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ በመጽሐፍ አማርኛ ልጻፍ ወይስ እንደምንናገረው?
መልስ፦ ተራኪሽ እንደፈቀደው። የደሴ እናት ልጇን ስታጽናና ግን ስለ ተስፋ ንግግር ካደረገች አላምናትም፤ «አብሽር» (አይዞህ) ብላ ቡናዋን ትቀዳለች። በየመስመሩ አብሽር መደርደርም ሌላ በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ሰው ቢሰርቀኝስ?
መልስ፦ ቀን ጽፈሽ አንድ ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ። እስካሁን ከኛ ዘንድ የጠፋ ስኒ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አስተያየት ስሰጥ ሰው እንዳላስቀይም እፈራለሁ።
መልስ፦ ወሎዬ ይሉኝታው ብዙ ነው፤ «ማሻ አላህ፣ ደስ ይላል» ብሎ ቁጭ ይላል። ጸሐፊው እሱን ይዞ ቤቱ ገብቶ ምን ያርምበት? የት ላይ ልብህ እንደሸሸ፣ የትኛውን ገጸ ባሕርይ ከማን ጋር እንዳምታታህ ንገረው። ልጁ ሰነፍ ነው አትበል፤ ሦስተኛው አንቀጽ ይጎተታል በል። ሥራው ሲተች ደግሞ ባለቤቱ ዝም ይላል። «እኔ እንኳ ለማለት የፈለግሁት...» ብሎ መጀመር ክልክል ነው፤ መጽሐፉ ሲታተም ከየአንባቢው ጎን ተቀምጦ ሊያስረዳ ነው? ደንቡን የሚወደው የለም፣ እኔም ጭምር።

ጥያቄ፦ ሳልጽፍ ለመስማት ብቻ ብመጣስ?
መልስ፦ ና። ቡና ማፍላት የምትችል ከሆነ ደግሞ ቀደም ብለህ ና፤ አቦሉ ሳይቀዳ ንባብ አንጀምርም።