የአሉሚኒየም ድስትና የአልዛይመር ሕመም
እናትዎ የአልዛይመር ሕመም (የማስታወስ ችሎታን ቀስ በቀስ የሚያሳጣው የአንጎል ሕመም) ስላለባቸው የአሉሚኒየም ድስቶቹን ይጥሉ እንደሆነ ለጠየቁት፣ በቅድሚያ ምሕረቱን ያውርድላቸው፤ ሕመሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብለው ራስዎን እንዳይወቅሱም እለምንዎታለሁ። አሉሚኒየም ይህን ሕመም ያመጣል የሚለው ጥርጣሬ የተነሣው በ1965 እ.ኤ.አ. የአሉሚኒየም ጨው በተወጉ ጥንቸሎች የነርቭ ሴሎች ውስጥ የተጠማዘዘ ክር የመሰለ ነገር በመታየቱ ቢሆንም፣ ቅርጹ በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ከሚታየው የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። አሉሚኒየም አንጎልን እንደሚጎዳ በግልጽ የታየው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዲያሊሲስ (ደምን በመሣሪያ በማጣራት) ይታከሙ በነበሩ የኩላሊት ሕሙማን ላይ ነው፤ ለሕክምናው በሚውለው ውሃ ውስጥ የነበረው አሉሚኒየም ወደ ደማቸው እየገባ አንደበታቸው ይተሳሰር፣ ሰውነታቸው ይንዘፈዘፍ ነበር። ከምግብ ጋር ከሚዋጠው ግን ወደ ደም የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ጤነኛ ኩላሊትም አብዛኛውን በሽንት ያስወጣዋል። ስለዚህ ድስቶቹን አይጣሏቸው፤ ብቻ ኮምጣጣ ምግብ አያሳድሩባቸው። እናትዎ የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን አሉሚኒየም ያለበትን የጨጓራ መድኃኒት ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይሰጧቸው።